የጉበት ካንሰር በምስል ምርመራ እንዴት ይታወቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ያለበት ሰው፣ ጉበቱ በጠባሳ የተጎዳ ሰው፣ ወይም እንዲህ ያለ ዘመድ የሚያስታምም ሰው አንድ ቀን የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ማዘዣ እጁ ላይ ይገባል። ከዚያ ጥያቄው ይበዛል፤ ሐኪሙ ጋ ያለው ሰዓት ግን አጭር ነው። እዚህ የምመልሳቸው ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ነው። በዋናነት የማወራው ከራሱ ከጉበት ሴሎች ስለሚነሳው ካንሰር ነው። ጉበት ውስጥ ከሚጀምሩ ካንሰሮች ከ100 ከ75 እስከ 85 የሚሆነው እሱ ነው።

ምንም ሳያመኝ ለምን አልትራሳውንድ ተነሳ እባላለሁ?

ጉበት ከውስጥ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው የሸፈነው ስስ ልባስ ሲወጠር ነው። ስለዚህ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ እጢ ተሸክሞ ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሆዱ ሲነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ወይም ልብሱ ሲሰፋው ነው። ያኔ እጢው ብዙ ጊዜ ገፍቷል። ቆርጦ ለማውጣትም አይመችም።

እኛ ሀገር ደግሞ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው በአጋጣሚ ነው። ደም ሲለግስ፣ የእርግዝና ክትትል ላይ፣ ወይም ለዓረብ ሀገር ሥራ ሜዲካል ሲያደርግ። "አንፊት" ተብሎ ይመለሳል። ቤተሰቡ የሚያዝነው ለቀረው ጉዞ ነው፤ ስለ ጉበቱ የሚያስረዳው ሰው አያገኝም። ያ ቀን ግን የክትትሉ የመጀመሪያ ቀን መሆን ነበረበት። ክትባቱ በኢትዮጵያ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በልጅነታችን አልተከተብንም።

ክትትል ሕይወት እንደሚያተርፍ በቻይና ሻንጋይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ወይም የጉበት ብግነት የቆየባቸው ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በየ6 ወሩ አልትራሳውንድና ኤኤፍፒ የሚባለውን የደም ምርመራ እንዲያደርግ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ውጤት፣ በዚህ ቡድን በጉበት ካንሰር የሚሞተው ሰው በ37 በመቶ ያነሰ ነበር። ያውም ብዙዎቹ ቀጠሯቸውን በሙሉ ሳያከብሩ።

በየስንት ጊዜው ነው መነሳት ያለብኝ?

በየ6 ወሩ። እጢው በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍ ሊያድግ ስለሚችል ዓመት መጠበቅ ያዘገያል።

ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ መጎዳቱ) ያለበት ሰው፣ መነሻው መጠጥም ይሁን ቫይረስ ወይም ስብ፣ ዕድሜው ሳይታይ ይከታተላል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ለየት ይላል። ሲሮሲስ ሳይኖርም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በተለምዶ ወንዶች ከ40 ዓመት፣ ሴቶች ከ50 ዓመት ጀምሮ እንዲከታተሉ ይመከራል፤ አፍሪካ ውስጥ የተወለዱ ሰዎች ላይ ግን ካንሰሩ በወጣትነትም ስለሚታይ ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀመራል። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት በጉበት ካንሰር ታሞ ከነበረ ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒቱን ቴኖፎቪር እየወሰድኩ ነው፣ ቫይረሱም ጠፍቷል ተብያለሁ። አሁንም ልነሳ?

አዎ። መድኃኒቱ አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። "ቫይረሱ አይታይም" ማለት ደም ውስጥ የሚቆጠር መጠን የለም ማለት እንጂ ጉበቱ አዲስ ሆነ ማለት አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ ታክሞ የዳነ ሰውም ቀድሞ ሲሮሲስ ላይ ደርሶ ከነበረ ክትትሉን ይቀጥላል።

አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው ካለ በቃ ማለት ነው?

ለ6 ወር ያህል ይበቃል፣ ግን ፍጹም አይደለም። ሲሮሲስ ባለባቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ አልትራሳውንድ በየትኛውም ደረጃ ያለን ካንሰር ከ100 ውስጥ 84 ጊዜ ያገኛል። ገና በጅምር ላይ ያለውን ግን 47 ጊዜ ብቻ። ኤኤፍፒ ሲጨመርበት ይህ ወደ 63 ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው የሚታዘዙት፤ ለዚህ ነው ቀጠሮው የሚደጋገመው።

ወፍራም ሰው ላይ፣ ጉበቱ ስብ የያዘ ሰው ላይ፣ ጋዝ የበዛበት ሆድ ላይ ምስሉ ይደበዝዛል። ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይበሉ ይሂዱ። ባለሙያው "በደንብ አልታየም" ብሎ ከጻፈ ያቺን ዓረፍተ ነገር አይለፏት። እንዲህ ላለ ሰው ሐኪሙ ሌላ የምስል ምርመራ ሊያዝለት ይችላል።

"ጉበትህ ላይ የሆነ ነገር አለ" ተባልኩ። ካንሰር ነው?

እስካሁን ማንም አያውቅም፤ አልትራሳውንዱ ብቻውን አይናገርም። ጉበት ላይ የሚታይ ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ሄማንጂዮማ የሚባል የደም ሥሮች ጥርቅም በጤነኛ ሰውም በብዛት ይገኛል፤ ምንም አያደርግም። ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ከውሻ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚያመጣው ከረጢትም አለ፤ ከብትና ውሻ አብረው በሚኖሩበት አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ቢናገር ጥሩ ነው። አሜባ የሚያመጣው መግል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትኩሳትና ከቀኝ ጎን ሕመም ጋር ይመጣል።

ክትትል ላይ ያለ ሰው የተገኘበት ነገር ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ የተለመደው አሠራር ከ3 ወር በኋላ አልትራሳውንዱን መድገም ነው። ይህ መጠበቅ ሰውን ያስጨንቃል፤ "እያወቁ ዝም አሉኝ" የሚል አለ። ዝም አላሉም። ያን ያህል ትንሽ ነገር በሲቲ ቢነሳም ብዙ ጊዜ ምንነቱ አይለይም። 1 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ኤኤፍፒው በሚሊ ሊትር 20 ናኖግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቀጣዩ እርምጃ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚወጋ መድኃኒት) ያለው ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ነው። ያኔ አይዘግዩ።

ሲቲ ስካኑ ለምን መድኃኒት ወግቶ ደጋግሞ ያነሳኛል?

ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህን እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ።

ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። ሦስት አራተኛውን ከአንጀት በሚመጣው ትልቅ ደም መልስ፣ አንድ አራተኛውን ከልብ በሚመጣው ደም ቅዳ። ካንሰሩ ግን የሚመገበው ከሞላ ጎደል ከደም ቅዳው ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ነው የሚያጋልጠው።

ኮንትራስቱ በክንድ ደም ሥር ሲገባ መጀመሪያ የሚደርሰው በደም ቅዳው በኩል ነው። ከተወጋ 35 ሰከንድ አካባቢ በሚነሳው ምስል ላይ ካንሰሩ ደምቆ ያበራል፤ የቀረው ጉበት ገና ደብዛዛ ነው። ከ60 እስከ 80 ሰከንድ ሲሆን ኮንትራስቱ በትልቁ ደም መልስ በኩል ወደ ጉበቱ ሁሉ ይገባል። አሁን ጉበቱ ያበራል፤ ካንሰሩ የያዘው ኮንትራስት ታጥቦ ስለሄደ ከዙሪያው ይልቅ ይጨልማል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሌላ ምስል ይነሳል። እዚህ ላይ ጥቁረቱ ይበልጥ ይለያል፤ እጢውን የከበበ ቀጭን ቀለበትም ሊታይ ይችላል።

ቀድሞ ማብራት፣ ኋላ መጨለም። የጉበት ካንሰር ዋና መለያው ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተነሳ ሲቲ ይህን ሊያሳይ አይችልም። ኮንትራስት የሌለው ሲቲማ ትልቅ እጢ እንኳን ሊሰውር ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ማዘዣው ላይ ጉበቱ በየምዕራፉ፣ ማለትም በእነዚህ በሦስቱም ጊዜያት፣ እንዲነሳ መጻፉን ይጠይቁ። ሐኪሞች ትራይፌዚክ ይሉታል። "የሆድ ሲቲ" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ተነስተው ከፍለው ከወጡ በኋላ "ይህ አይበቃም፣ ድገም" ሊባሉ ነው። ሁለት ጊዜ መክፈል፣ ሁለት ጊዜ ጨረር። የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ይህን ያስቀራል።

ናሙና ሳይወስዱ እንዴት "ካንሰር ነው" ይሉኛል?

የጡት ወይም የአንጀት ካንሰር ያለ ናሙና አይረጋገጥም። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። የጉበቱ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ሲሮሲስ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት አዋቂ ሰው ላይ፣ 1 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ እጢ የተሟላውን ምልክት ካሳየ፣ ምስሉ ራሱ ማረጋገጫ ሆኖ ይወሰዳል።

ለዚህ ንባብ ላይራድስ የሚባል የጋራ መመዘኛ አለ። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ያወጣው፤ ከዚያ በኋላም ተሻሽሏል። እጢውን ከኤልአር-1 እስከ ኤልአር-5 ያስቀምጠዋል። 1 ማለት ጉዳት የሌለው መሆኑ የተረጋገጠ ነው። 5 ማለት የጉበት ካንሰር። ኤልአር-5 ከተባሉት ከ100 ወደ 95 የሚሆኑት በእርግጥ ካንሰር ሆነው ይገኛሉ።

ናሙና ማስወሰድ የራሱ ችግር አለው። ጉበቱ የደከመ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ ሊደማ ይችላል። ከ100 ሰዎች ከ2 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ የካንሰሩ ሴሎች መርፌው ባለፈበት መንገድ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ትንሽ እጢ ከሆነ ደግሞ መርፌው ሊስተው ይችላል፤ ያኔ "ካንሰር የለም" የሚለው ወረቀት ራሱ ያሳስታል።

ይህን ስል ግን "ካንሰር ብረት ሲነካው ይባባሳል" የሚለውን እየደገፍኩ አይደለም። ይህ አባባል ስንቱን ከቀዶ ሕክምና አስቀርቷል። የታወቀ የጉበት ችግር የሌለበት ሰው ላይ ተመሳሳይ ምስል ቢታይ ናሙና ያስፈልጋል። ምስሉ ግልጽ ካልሆነም፣ ወይም ኤልአር-ኤም ተብሎ ከተጻፈ፣ ማለትም ካንሰር ይመስላል ግን የተለመደው የጉበት ሴል ካንሰር ላይሆን ይችላል ከተባለ፣ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ምክንያቱን ነግሮዎት ናሙና ከጠየቀ እሺ ይበሉ።

ኤልአር-3 ተጽፎልኛል። ይህ ምን ማለት ነው?

መሐል ላይ ነው። ኤልአር-3 ከተባሉት ከ3 አንዱ ገደማ ካንሰር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ምርመራው ይደገማል። ኤልአር-4 ከሆነ ከ4 ሦስቱ ገደማ ካንሰር ናቸው። ስለዚህ ከአንድ ሐኪም በላይ ቢመክሩበት፣ ናሙና መውሰድ ወይም ቶሎ መድገም ይሻላል የሚለውን ቢወስኑ ደስ ይለኛል።

ሲቲ ይሻላል ወይስ ኤምአርአይ?

ኤምአርአይ ትንንሽ እጢዎችን፣ በተለይ ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች ያሉትን፣ በመጠኑ የበለጠ ያገኛል። ጨረርም የለውም። ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠባብ ቦታ ውስጥ መተኛት፣ ደጋግሞ ትንፋሽ መያዝ ይጠይቃል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ይህን አይችልም፤ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይበላሻል። ዋጋውም ይከብዳል። ልብ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ወይም ሰውነት ውስጥ ብረት ካለ አስቀድሞ መነገር አለበት።

በእኔ እምነት በትንፋሽ ከተበላሸ ኤምአርአይ ይልቅ በደንብ የተነሳ ባለ ሦስት ምዕራፍ ሲቲ ይሻላል። ቅርብ ያለው፣ አቅም የሚችለው፣ ጉበት ማንበብ የሚችል ራዲዮሎጂስት ያለበት ቦታ ይምረጡ። ሁለቱም ማረጋገጥ ይችላሉ።

ኮንትራስቱ ኩላሊት ይጎዳል ይባላል። እውነት ነው?

ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ላይ አደጋው አነስተኛ ነው። የሲቲው ኮንትራስት አዮዲን ያለበት ስለሆነ ቀድሞ ክሪያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይታያል። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው የኤምአርአይ ኮንትራስትም በጥንቃቄ ይመረጣል። ከዚህ በፊት ኮንትራስት ተወግተው አለርጂ ከተነሳብዎት፣ አስም ካለብዎት ይናገሩ። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ደከም ካለ ለ48 ሰዓት እንዲያቆም ሊነገረው ይችላል። ሲወጋ ሰውነት ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። አላመለጠም፤ ስሜቱ በደቂቃ ውስጥ ያልፋል።

ኤኤፍፒ ብቻ ብሠራ አይበቃም?

አይበቃም። ትንሽ ካንሰር ኖሮ ኤኤፍፒው ልክ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በተቃራኒው ሄፓታይተሱ ሲቀሰቀስ ወይም በእርግዝና ጊዜ ያለ ካንሰርም ይጨምራል።

ፔት ስካን ልሥራ? ውጭ ያሉ ዘመዶቼ እሱ ይሻላል ይላሉ።

ለሌሎች ካንሰሮች ጎበዝ ነው። ለጉበት ሴል ካንሰር ግን የመጀመሪያ ምርመራ አይደለም፤ ብዙዎቹ የጉበት እጢዎች ለፔት ስካን ተብሎ በመርፌ የሚሰጠውን ጨረር ያለው ስኳር በደንብ ስለማይይዙ ሳይታዩ ያልፋሉ። ገንዘቡን ለጥሩ ሲቲ ያውሉት።

ፊልሙን በስልክ አንስቼ አሜሪካ ላለች እህቴ በቴሌግራም ልኬ ነበር። ያሳየችው ሐኪም "በዚህ አልናገርም" አላት። ለምን?

ልክ ነው። አንድ ሲቲ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች አሉት። ፊልሙ ላይ የሚታተመው ጥቂቱ ነው፤ የስልክ ፎቶ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ሲዲውን ይጠይቁ፤ ፋይሉ በሙሉ ይላክ። ሲዲው ከሌለ በፍላሽ እንዲገለብጡልዎ ይጠይቁ። ከደም ውጤቱና ከራዲዮሎጂስቱ ጽሑፍ ጋር ሲሆን ነው ሰው የሚረዳው።

የድሮውንም አይጣሉ። እጢው በ6 ወር ውስጥ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ አድጎ ከሆነ ይህ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው። የሚታወቀው ግን የቀድሞው ምስል ካለ ብቻ ነው። ፍራሽ ሥር የተቀመጠ ሲዲ ብዙ ሰው የማይሰጠውን መልስ ይሰጣል።

የምኖረው ከአዲስ አበባ ርቄ ነው። ሁሌ መመላለስ አልችልም።

በየ6 ወሩ የሚደረገውን አልትራሳውንድ እዚያው ቅርብዎ ያድርጉ። ከተቻለ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ባለሙያ። መንገድ የሚገባው ነገር ሲገኝ ነው። ያኔም ከመነሳትዎ በፊት ክሪያቲኒን እዚያው ተሠርቶ፣ የሄፓታይተስ ውጤትዎ ተይዞ፣ ማዘዣው በትክክል ተጽፎ ይሁን። ማዘዣው ላይ "ሄፓታይተስ ቢ አለበት" ወይም "ሲሮሲስ አለበት" የሚል ካልተጻፈ፣ የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ያንኑ ምስል በሌላ መንገድ ሊተረጉመው ይችላል። ይህች አንዲት መስመር የምርመራው ግማሽ ናት።

ካንሰር መሆኑ ተረጋግጧል። ምስሉ ስለ ሕክምናው ምን ይነግራል?

ብዙ። ስንት እጢ ነው? ስንት ሳንቲ ሜትር? ትልቁ ደም መልስ ውስጥ ገብቷል? ከጉበት ወጥቷል? ለመጨረሻው ጥያቄ የደረት ሲቲም ይታከላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ከጣልያን ሚላን የወጣ መስፈርት እስካሁን ይሠራበታል። አንድ እጢ ብቻ ሆኖ ከ5 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ወይም እስከ ሦስት ሆነው እያንዳንዳቸው ከ3 ካልበለጡ፣ የጉበት ንቅለ ተከላ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። በመርፌ ገብቶ በሙቀት ማቃጠልም ከ3 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን ነው ይበልጥ የሚሳካው። እዚህ ላይ ነው በየ6 ወሩ የመነሳት ጥቅሙ በቁጥር የሚታየው።

ለአባታችን ውጤቱን እንንገረው?

ይህ የራዲዮሎጂ ጥያቄ አይደለም፣ ግን ሲዲውን የሚቀበለው ልጅ ሁሌ ይጠይቀዋል። ብዙ ቤት ይደበቃል። እኔ ቀስ ብሎ፣ የሚያከብሩት ሰው ባለበት፣ ቢነገር ይሻላል ባይ ነኝ። ደጋግሞ "ትንፋሽ ይያዙ" የተባለ፣ የልጆቹን ፊት ያየ ሰው አንድ ነገር መኖሩን ያውቃል። ቀጣዩንም ምርመራ የሚተኛበት እሱ ነው። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ግን እሱን ራሱን ይጠይቁት።

ከሕክምና በኋላ "እጢው አልቀነሰም" ተባልን። አልሠራም ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ከተቃጠለ ወይም የሚመግበው የደም ሥር በሕክምና ከተዘጋ በኋላ የሞተው እጢ በመጠኑ እዚያው ሊቆይ ይችላል። የሚታየው መጠኑ ብቻ ሳይሆን፣ ኮንትራስት ሲገባ አሁንም ያበራል ወይ የሚለው ነው። ካላበራ ሞቷል። ጠርዙ ላይ ቁራጭ ካበራ የቀረ ካንሰር አለ፤ ያ ቁራጭ እንደገና ሊታከም ይችላል። ለዚህ ከሕክምናው በኋላ ወር አካባቢ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 ወሩ ገደማ፣ እንደ መጀመሪያው በየምዕራፉ የተነሳ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል።